በጽኑ ሕሙማን ክፍል ትራኪዮስቶሚ ሲሠራ የአየር መንገዱን እያዩ የመሥራት መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሕመምተኛው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይወሰድ፣ በአይሲዩ (በጽኑ ሕሙማን ክፍል) አልጋው ላይ እንዳለ፣ በመርፌ፣ በጋይድ ዋየር (በመሪ ሽቦ) እና በዳይሌተር (በቀዳዳ ማስፊያ) የሚከናወነውን ትራኪዮስቶሚ፣ ማለትም አንገት ላይ ቀዳዳ ከፍቶ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባትን፣ ለሚሠሩ ሐኪሞች፣ ለሰመመን ባለሙያዎችና አጠገባቸው ለሚቆሙ ነርሶች ነው። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፓስኳሌ ቻሊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዘዴውን ካስተዋወቀ ወዲህ ሥራው አጭርና በአልጋ ላይ የሚፈጸም ሆኗል። ይሁን እንጂ አንገቱ በሰፊው ተከፍቶ ስለማይታይ፣ ሠሪው ሌላ የማያ መንገድ ካላዘጋጀ በቀር መርፌው የት እንደደረሰ የሚያውቀው በእጁ ስሜት ብቻ ነው። መርፌው ከመሃል ወጥቶ በጎን ሲገባ፣ የትራኪያውን (የአየር ቧንቧውን) የኋላ ግድግዳ አልፎ የምግብ ቧንቧውን ሲወጋ፣ ዳይሌተሩ ከትራኪያው ውጭ ሐሰተኛ መንገድ ሲከፍት ወይም ከፊት ያለ የደም ሥር ሲቆረጥ፣ መነሻው በአብዛኛው ያልታየ እርምጃ ነው።

ለማየት የሚረዱን መሣሪያዎች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ እነሱም አልትራሳውንድ፣ ላሪንጎስኮፕ (በአፍ ገብቶ ጉሮሮን የሚያሳየው) እና ተጣጣፊው ብሮንኮስኮፕ (በቱቦው ውስጥ አልፎ የአየር መንገዱን ከውስጥ የሚያሳየው) ናቸው። አንዱ የሌላው ምትክ ተደርጎ ሲወሰድ ይሰማል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ የተለየ ነው። አልትራሳውንድ ከቆዳው እስከ ትራኪያው የፊት ግድግዳ ድረስ ምን እንዳለ ይነግረናል። ላሪንጎስኮፕ በአፍ የገባው ቱቦ ካፍ (በቱቦው ጫፍ አካባቢ የሚነፋው ፊኛ) ከድምፅ አውታሮቹ አንጻር የት እንዳለ ያሳየናል። ብሮንኮስኮፑ ደግሞ መርፌው ከውስጥ በየት በኩል ብቅ እንዳለና የኋላው ግድግዳ እንዳልተነካ ያረጋግጥልናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ደረጃ መጠየቅ ያለበት «የትኛው መሣሪያ ይሻላል?» ሳይሆን «አሁን ማወቅ ያለብኝ ምንድን ነው? በምንስ አየዋለሁ?» የሚለው ነው።

ሕመምተኛውን መምረጥና ማዘጋጀት

በአዲስ አበባ መሃል፣ ከቸርችል ጎዳና እስከ ካዛንቺስ ባሉት የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎች፣ ትራኪዮስቶሚ የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች በአብዛኛው በመኪና አደጋ ጭንቅላታቸው የተጎዳ፣ በቴታነስ ወይም በጊላን ባሬ ሕመም ጡንቻቸው የከዳቸው፣ ወይም ከከባድ የሳንባ ምች በኋላ ከቬንቲሌተር (ከመተንፈሻ መሣሪያ) መላቀቅ ያቃታቸው ናቸው። ሥራው ድንገተኛ ስላልሆነ ቀኑን የምንመርጠው እኛው ነን፤ ይህን ዕድል ልንጠቀምበት ይገባል። ፕላትሌት (ደም የሚያረጉት ሕዋሳት) ከ50,000 በላይ፣ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) ከ1.5 በታች መሆኑ፣ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ሄፓሪን (የደም ማቅጠኛ) ካለ ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ መቆሙ ይረጋገጣል። ፒፕ (በትንፋሽ ማብቂያ ላይ ሳንባው ውስጥ የሚቀረው ግፊት) ከ10 ሳንቲ ሜትር ውኃ በላይ ከሆነ ወይም ሕመምተኛው ከ60 በመቶ በላይ ኦክስጅን የሚፈልግ ከሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መታገሥ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ውሳኔ ነው።

በዚህ ላይ ከተማችን በምትገኝበት ከፍታ ምክንያት የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ከውጭ በሚመጡ መመሪያዎች ውስጥ ብዙም ስለማይገኝ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው እወዳለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሕመምተኛው መቶ በመቶ ኦክስጅን እየተሰጠው እንኳ በሳንባው ከረጢቶች ውስጥ የሚኖረው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ወደ 670 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ፣ እዚህ ግን ወደ 490 ገደማ ነው። ይህም ማለት ቱቦው ወደ ላይ ተስቦ አየር በሚያፈስበት፣ ወይም ብሮንኮስኮፑ መንገዱን በሚያጠብበት ጊዜ ሳቹሬሽን (በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን) ከመውረዱ በፊት ያለን ጊዜ ያጥራል። በመጻሕፍት «ጥቂት ደቂቃ» የተባለውን እኛ ቀንሰን ማንበብ አለብን፤ ሳንባው ቀድሞ የታመመ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ቀንሰን።

በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጠው ምግብ ሥራው ከመጀመሩ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆምና ሆዱ በዚያው ቱቦ ይመጠጣል። አስታማሚዎች በመካከል ጠበል ወይም አጥሚት እንዳይሰጡ፣ የሚጾመው ለምን እንደሆነ በአክብሮት ይነገራቸዋል። ፈቃድ የሚጠየቀውም ፊርማ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን በሚገባ ለማስረዳት ነው። «ጋሼ፣ ልጅዎ አሁንም የሚተነፍሰው በመሣሪያ እገዛ ነው። በአፉ ያለው ቱቦ ብዙ ከቆየ ጉሮሮውን ይጎዳዋል፤ ስለዚህ አንገቱ ላይ በትንሽ ቀዳዳ አጠር ያለ ቱቦ እናስገባለታለን። ቱቦው እያለ ድምፁ ላይወጣ ይችላል፤ ሲሻለው ቱቦው ይወጣል፣ ቀዳዳውም በአብዛኛው በራሱ ይዘጋል። መድማትና የትንፋሽ ችግር ሊያጋጥም ስለሚችል ለዚያ ተዘጋጅተናል።» ይህን ያህል ቢነገር ቤተሰቡ በኋላ አንገት ላይ ቱቦ ሲያይ አይደናገጥም።

ሰዎቹ፣ ቦታቸውና ስክሪኑ

ከአራት ሰው ባነሰ መጀመር አይገባም። አንዱ መርፌውን ይይዛል፤ ሁለተኛው በራስጌ ቆሞ ቱቦውን፣ ላሪንጎስኮፑንና ብሮንኮስኮፑን ይቆጣጠራል፤ አንዷ ሲስተር መድኃኒትና ሞኒተር ትከታተላለች፤ ሌላው ዕቃ ያቀብላል። ከእነዚህ ሁሉ ልምድ ያለው ሰው መቆም ያለበት በራስጌ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ትንፋሹ የሚጠፋውም የሚመለሰውም እዚያ ነው። በብዙ ቦታ ጀማሪው ራስጌ እንዲቆም ሲደረግ ይታያል፤ ይህ መታረም ያለበት ልማድ ነው።

የብሮንኮስኮፑ ስክሪን መርፌ የያዘው ሰው አንገቱን ሳያዞር ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ በአብዛኛው በሕመምተኛው ደረት ትይዩ በተቃራኒው ጎን ይቀመጣል። በዓይን መነጽሩ ብቻ የሚታይ አሮጌ ብሮንኮስኮፕ ከሆነ ያለን፣ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ በቃል መንገር አለበት። መብራት ሊቋረጥ ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ ስክሪን ይመረጣል፤ ካልሆነም ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ያለው ክፍተት ታስቦ በእጅ የሚጨመቀው አምቡ ባግ፣ የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደርና ተራ ላሪንጎስኮፕ ከራስጌ ይቀመጣሉ። ሥራው የሳንባ ጠብታ የሚበትን ስለሆነና ቲቢ በመካከላችን ስላለ፣ በክፍሉ ያሉት ሁሉ ኤን 95 ማስክና የዓይን መከላከያ ያደርጋሉ።

ደረጃ 1፦ አንገቱን በአልትራሳውንድ ማንበብ

ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ ከትከሻው ሥር የተጠቀለለ አንሶላ ይደረግና አንገቱ ወደ ኋላ ይለጠጣል። የአንገት አጥንት ጉዳት ያለበት ወይም የተጠረጠረ ከሆነ ግን አንገቱ አይለጠጥም። ምርመራው መደረግ ያለበት ሥራው በሚሠራበት አቀማመጥ ነው፤ አንገቱ ቀጥ ባለበት ምልክት ተደርጎ በኋላ ቢለጠጥ የትራኪያው ቀለበቶች ከምልክቱ ሥር ይንሸራተታሉ።

ለዚህ የሚመረጠው ቀጥታ ገጽ ያለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ፕሮብ (ቆዳው ላይ የሚያርፈው የአልትራሳውንዱ ክፍል)፣ ማለትም ከ7 እስከ 15 ሜጋኸርትዝ የሚሠራው፣ ለደም ሥር የምንጠቀምበት ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ፕሮቡን በአግድም ይዞ ከታይሮይድ ካርቲሌጅ (ጉሮሮ ላይ ጎልቶ ከሚዳሰሰው ልም አጥንት) ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ታች መውረድ ነው። ታይሮይድ ካርቲሌጁ በሾለ ጣሪያ ቅርጽ ይታያል፤ ቀጥሎ የክሪኮታይሮይድ ሽፋን፣ ከዚያም ወፍራምና ጥቁር ቅስት የሚመስለው ክሪኮይድ የሚባለው የቀለበት ልም አጥንት ይመጣል፤ ከሥሩ ያሉት የትራኪያ ቀለበቶች ቀጭን ጥቁር ቅስቶች ሆነው፣ ከበታቻቸው አየሩ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ደማቅ ነጭ መስመር ይታያል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የአየር ጥላ ነው። ከአየሩ ወዲያ ያለው የኋላ ግድግዳ በአልትራሳውንድ እንደማይታይ በዚሁ አጋጣሚ ልብ ይሏል።

ቀጥሎ ፕሮቡን በቁም አዙሮ በመሃል መስመር ላይ ማድረግ ነው። አሁን ቀለበቶቹ በክር እንደተሰካ መቁጠሪያ ተደርድረው ይታያሉ፤ ከላይ ያለው ትልቁና ወደ ቆዳው ቀረብ ያለው ክሪኮይድ ነው። ከእሱ ወደ ታች እየቆጠሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀለበት መካከል ያለውን ክፍተት ይለያሉ። አንደኛውና ሁለተኛው መካከልም ተቀባይነት አለው፤ ነገር ግን ወደ ክሪኮይድ በጣም መጠጋት በኋላ ከድምፅ አውታሮቹ በታች ለሚመጣ መጥበብ ያጋልጣል። ከአራተኛው በታች መውረድ ደግሞ ቱቦውን ከደረት ወደሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ያስጠጋዋል፤ በዚህ የሚመጣው መድማት ከሳምንታት በኋላ እንኳ ሕይወት የሚቀጥፍ ነው።

ቦታው ከተለየ በኋላ በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዘዴ) ከመርፌው መንገድ ላይ ምን እንዳለ ይታያል። እዚህ ላይ ፕሮቡን መጫን አይገባም፤ የፊት አንገት ደም መላሾች በትንሽ ጫና ስለሚጨፈለቁ የሌሉ ይመስላሉ። ጄሉን አብዝቶ፣ እጅን አቅልሎ፣ ከመሃል መስመር በስተግራና በስተቀኝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር መፈተሽ ያስፈልጋል። ከደረት አጥንቱ አናት ጎድጓዳም ላይ ፕሮቡን አሳርፎ ከፍ ብሎ የሚመታ የደም ቧንቧ አለመኖሩን ማየት የግድ ነው። በደጋማው አገራችን እንቅርት ብዙ ስለሚገኝ የታይሮይድ ዕጢው ድልድይ የት እንደሚያልፍና ምን ያህል እንደሚወፍርም ይታያል። ቀጭን ድልድይ ከሆነ ከበላዩ ወይም ከበታቹ ያለውን ክፍተት መምረጥ ይቻላል፤ ትልቅ እንቅርት ወይም በመንገዱ ላይ የማይሸሽ የደም ቧንቧ ከታየ ግን ሥራው በቀዶ ሕክምና ክፍል በክፍት መንገድ ቢሠራ ይሻላል።

በመጨረሻ ከቆዳው እስከ ነጩ መስመር ያለው ርቀት ይለካና ይጻፋል። ይህ ቁጥር መርፌው ስንት ሚሊ ሜትር ላይ አየር ማግኘት እንዳለበት፣ የተዘጋጀው ቱቦም አንገቱን ተሻግሮ በትክክል ለመቀመጥ ይበቃ እንደሆነ አስቀድሞ ይነግረናል። ወፍራም አንገት ላይ አጭር ቱቦ ማስገባት በሁለተኛው ቀን በመገላበጥ ጊዜ ቱቦው እንዲወጣ መንገድ መክፈት ነው። ቦታው በማይጠፋ ቀለም ምልክት ይደረግበታል።

ደረጃ 2፦ ሰመመንና ቬንቲሌተር

ፌንታኒልና ኬታሚን ወይም ፕሮፖፎል፣ ቀጥሎም ሙሉ የጡንቻ ማላሻ ይሰጣል። ማላሻው እንዲሁ ለምቾት የሚሰጥ አይደለም፤ መርፌው ትራኪያው ውስጥ ሳለ ሕመምተኛው ቢያስል የኋላው ግድግዳ ራሱ ወደ መርፌው ጫፍ ይመጣል። ኦክስጅኑ ወደ መቶ በመቶ ከፍ ይደረግና ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። ቬንቲሌተሩ በቮልዩም እንዲሠራ ይደረጋል፤ የግፊት አላርሙም ከፍ ይደረጋል፤ ካልሆነ ብሮንኮስኮፑ ገና እንደገባ መሣሪያው ትንፋሹን ያቋርጠዋል።

ደረጃ 3፦ ቱቦውን በላሪንጎስኮፕ እያዩ መሳብ

ይህ ደረጃ በብዙ ቦታ በግምት የሚታለፍ በመሆኑ ያሳስበኛል። በአፍ የገባው ቱቦ በቦታው እንዳለ መርፌ ቢገባ፣ መርፌው ካፉን ይበሳል ወይም ቱቦውን ይወጋል፤ ቱቦው በግምት ቢሳብ ደግሞ ሳይታሰብ ከናካቴው ይወጣል። በጥርስ ላይ ያለው የሳንቲ ሜትር ቁጥር ከሰው ሰው ስለሚለያይ ብቻውን አይበቃም፤ ማየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ አፍና ጉሮሮ በሚገባ በሰክሽን ይጸዳል፤ ከካፉ በላይ የተጠራቀመው ምራቅ የካፉ አየር ሲወጣ ወደ ሳንባ እንዳይወርድ ነው። ባለ ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ ካለ እሱ፣ ከሌለ ተራው ይገባና የድምፅ አውታሮቹ ይታያሉ። አውታሮቹ ጨርሶ ካልታዩ ቱቦው አይሳብም፤ ቢወጣ ልንመልሰው እንደማንችል እያወቅን ማውጣት አይገባምና፣ ዕቅዱ ይለወጣል። አውታሮቹ በግልጽ ከታዩ ማሰሪያው ይፈታል፣ በጥርስ ላይ ያለው ቁጥር ጮክ ተብሎ ይነገራል፣ የካፉ አየር ይወጣል፤ ቱቦውም የካፉ የላይኛው ጠርዝ በአውታሮቹ መካከል ብቅ እስኪል ድረስ በቀስታ ይሳባል። እዚያ ላይ ካፉ እንደገና ይነፋና፣ አየር ያፈስ እንደሆነ በጆሮና በቬንቲሌተሩ በሚመለሰው ቮልዩም ይፈተሻል። ከዚህ በኋላ ቱቦው አይታሰርም፤ የራስጌው ሰው እስከ መጨረሻው በእጁ ይይዘዋል። ላሪንጎስኮፑም ከአልጋው አይርቅም፤ ቡጂም (ቱቦ ለመምራት የሚያገለግለው ቀጭን ዘንግ) አጠገቡ ይቀመጣል።

ደረጃ 4፦ ብሮንኮስኮፑና መርፌው

ብሮንኮስኮፑ የሚያጠበውን ያህል አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል። 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሮንኮስኮፕ በ8 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲገባ የቀዳዳውን ስፋት 39 በመቶ ይይዛል፤ በ7 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ግን 51 በመቶ ይይዛል። 3.8 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭኑ በዚሁ በ7 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ 29 በመቶ ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ቀጭኑ ቢመረጥ፣ ሰክሽኑ ደካማ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያንሳል። መንገዱ ሲጠብ የሚወጣው አየር ከሚገባው ያነሰ ይሆንና ሳንባው እየተነፋ ይሄዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጠራቀማል። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሕመምተኛ ላይ ይህ የአንጎል ግፊትን ስለሚጨምር፣ ብሮንኮስኮፑ ሳያስፈልግ ውስጥ እንዲቆይ አይደረግም። ሰክሽንም ለአፍታ ብቻ ይጫናል፤ አየሩንም አብሮ ይስባልና።

ብሮንኮስኮፑ የጎማ ቀዳዳ ባለው ተጠማዛዥ ማገናኛ በኩል ይገባል። መጀመሪያ እስከ ካሪና (ትራኪያው ለሁለት እስከሚከፈልበት ቦታ) ወርዶ አቅጣጫውን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ቀለበት የሌለው ጠፍጣፋው ግድግዳ የኋላው ነውና በስክሪኑ ላይ እንደ ሰዓት ገጽ ታስቦ በ6 ሰዓት ቦታ፣ የቀለበቶቹ ቅስት መሃል ደግሞ በ12 ሰዓት ቦታ እንዲሆን ይደረጋል። ይህ ካልተስተካከለ የሚከተለው ሁሉ ይዛባል። ከዚያ ጫፉ ወደ ቱቦው አፍ ውስጥ ይመለሳል፤ በመርፌ የተወጋ ብሮንኮስኮፕ ውኃ ስለሚያስገባ ጥገናው ውድ ነው፤ ለቀጣዩም ሕመምተኛ አይደርስም።

አሁን የክፍሉ መብራት ደብዘዝ ይደረጋል። የብሮንኮስኮፑ ብርሃን በአንገቱ ቆዳ ላይ ሲታይ ሠሪው በተደረገው ምልክት ላይ በጣቱ ወይም በትንሽ መቆንጠጫ ይጫናል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጎበጥ ያለ ቦታ በ12 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ከክሪኮይድ ሲቆጠርም በተፈለገው ክፍተት ላይ ካረፈ፣ የአልትራሳውንዱና የብሮንኮስኮፑ ምስክርነት ተስማምቷል ማለት ነው። ካልተስማሙ የሚቀጥለው ነገር መርፌ ሳይሆን እንደገና መቁጠር ነው። ቆዳው አድሬናሊን ባለው ሊዶካይን ደንዝዞ፣ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ተቀዶ፣ ሥሩ ያለው ሥጋ በቀስታ ይላቀቃል።

ሳላይን ያለበት ሲሪንጅ የተገጠመለት መርፌ በመሃል መስመር፣ ጫፉ በጥቂቱ ወደ እግር አቅጣጫ ተዘንብሎ፣ እየሳቡ ይገባል። የተለካው ጥልቀት ላይ ሲደርስ አረፋ ይመጣል። አረፋ መምጣቱ አየር መገኘቱን እንጂ መርፌው በመሃል መግባቱን አያሳይም፤ ከቱቦው ውስጥም ሊመጣ ይችላል። መርፌው ቱቦውን ወግቶ ከሆነ፣ የራስጌው ሰው ቱቦውን በትንሹ ሲያንቀሳቅስ መርፌውም አብሮ ይነቃነቃል። በስክሪኑ ላይ የመርፌው ጫፍ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ፣ በሁለት ቀለበቶች መካከል እንጂ በቀለበቱ አካል ላይ ሳይሆን ሲታይ፣ የራስጌው ሰው «መሃል ነው፤ ቁሙ» ይላል። ከዚያ ውጭ ከታየ፣ ለምሳሌ በ10 ወይም በ2 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ መርፌው ወጥቶ እንደገና ይገባል። በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ የሚያስቸግረው በዚያው ጎን ላይ ዳይሌተር ማስከተል ነው። እንደገና መውጋት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ከራስጌ ያለው ሰው «ልክ አይደለም» ለማለት የሠሪው ማዕረግ ሊያግደው አይገባም።

ደረጃ 5፦ ዋየሩ፣ ማስፋቱና ቱቦው

መርፌው ወጥቶ ካኑላው (በላዩ የነበረው ስስ የፕላስቲክ ቱቦ) ይቀራል። ዋየሩ ሲገባ ወደ ካሪና ሲወርድ እንጂ ወደ ድምፅ አውታሮቹ ሲወጣ መታየት የለበትም። ዋየሩ ካልታየ አይሰፋም፤ በዚህ ላይ ምንም ልዩነት የለም። ትንሹ ዳይሌተር ካለፈ በኋላ ጠመዝማዛው ትልቁ ዳይሌተር በንጹሕ ውኃ ርሶ በጋይድ ካቴተሩ ላይ ይገባል። በዚህ ጊዜ የፊት ግድግዳው ወደ ኋላ ስለሚጎብጥ ሁለቱ ግድግዳዎች ሊነካኩ ይቃረባሉ፤ ሠሪው ቀጥታ ወደ ታች ሳይሆን የዳይሌተሩን ቅስት ተከትሎ መግፋት አለበት፤ የራስጌው ሰውም የኋላውን ግድግዳ ሳያቋርጥ ይመለከታል። ደም ሌንሱን ከሸፈነው ሥራው ይቆማል፤ ብሮንኮስኮፑ ወጥቶ ይጠረጋል፤ ስክሪኑ ቀይ ሆኖ ሳለ መግፋት ዓይንን ጨፍኖ ከመሥራት አይለይም።

ቱቦው ከገባ በኋላ ማስገቢያውና ዋየሩ አብረው ይወጣሉ፣ ካፉ ይነፋል፣ ቬንቲሌተሩ ይገናኛል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞገድ በሞኒተሩ ላይ ሳያቋርጥ ሲታይና ብሮንኮስኮፑ በአዲሱ ቱቦ ገብቶ ቀለበቶችንና ካሪናን ሲያሳይ ቱቦው ትራኪያው ውስጥ መሆኑ ተረጋግጧል። በአፍ ያለው ቱቦ ከዚህ በፊት አይወጣም። ከመውጣቱ አስቀድሞም በእሱ በኩል አንድ ጊዜ ከላይ ማየት ጥሩ ነው፤ ከአዲሱ ካፍ በላይ እየተንጠባጠበ ያለ ደም ከታች አይታይምና። የካፉ ግፊት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይሁን።

ብሮንኮስኮፕ በማይገኝበት ጊዜ

ብሮንኮስኮፑ ለጥገና የሄደበት ወይም በሌላ ክፍል የተያዘበት ቀን ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራው እስከ ነገ ሊቆይ ይችል እንደሆነ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ይችላል። መሠራት ካለበት ግን አንገቱ ቀጭን፣ ክሪኮይዱ በጣት የሚዳሰስ፣ እንቅርትና የደም መርጋት ችግር የሌለበት ሕመምተኛ ላይ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይሂድ። አልትራሳውንዱ በንጹሕ ሽፋን ተሸፍኖ በአግድም ተይዞ መርፌው በመሃል መግባቱ በቅጽበቱ ይታያል፤ የመርፌው ጥላ በቅስቱ መሃል መውደቅ አለበት። መርፌው ከተለካው ጥልቀት ብዙም እንዳያልፍ በጣት ይገደባል፤ የኋላውን ግድግዳ የሚያይ ዓይን የለንምና። አረፋ ከመጣ በኋላ የካፕኖግራፊው (ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው መሣሪያ) የናሙና መስመር ከካኑላው ጋር ተገናኝቶ ሞገድ መኖሩ ይረጋገጣል። ቱቦው በላሪንጎስኮፕ መሳቡ እንደ ቀድሞው ነው። በዚህ መንገድ የተሠራለት ሕመምተኛ ደረቱን ኤክስሬይ ይነሳል።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ብሮንኮስኮፕ፣ ዋጋው ውድ ቢሆንም፣ ለሁለተኛ ሰው ማዋል አይፈቀድም። ተመልሶ የሚያገለግለው ደግሞ ወዲያው በአልጋው አጠገብ ይታጠብና፣ መርፌ እንዳልነካው ለማወቅ የማፍሰስ ፍተሻ ተደርጎለት፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይጸዳል።

የሚቆምበት ነጥብ

ሳቹሬሽኑ ከ90 በመቶ በታች ከወረደ፣ የልብ ምቱ ወይም የደም ግፊቱ ከተናጋ፣ ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞገዱ ከጠፋ፣ ሥራው ባለበት ይቆማል። ብሮንኮስኮፑ ይወጣል፤ ካልተሻለ ቱቦው በላሪንጎስኮፕ እየታየ ወደ ታች ይመለሳል፤ ዋየሩ ገብቶ ከሆነ እየተያዘ ሊቆይ ይችላል። ይህ ውሳኔ የራስጌው ሰው ነው፤ «ቁሙ» ሲል ማንም አይከራከረውም። በዕለቱ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ መሃሉ ካልተገኘ፣ ልምድ ያለው ሌላ ሰው ይጠራል ወይም በክፍት መንገድ እንዲሠራ ይተላለፋል።

ከሥራው በኋላ የሚጻፈው

በካርዱ ላይ የትኛው ክፍተት እንደተወጋ፣ በምን እንደታየ፣ ከቆዳ እስከ ትራኪያ ያለው ርቀት፣ የቱቦው ቁጥርና ዓይነት፣ ላሪንጎስኮፕ ሲደረግ አውታሮቹ ምን ያህል እንደታዩ ይጻፋል። የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ለሌሊት ተረኛው አስፈላጊ ነው። የአንገቱ መንገድ ገና ሳይጠነክር፣ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውስጥ ቱቦው ከወጣ፣ በቀዳዳው በኩል በጭፍን መመለስ ሐሰተኛ መንገድ ይከፍታል፤ ቀዳዳው በጓንት ተሸፍኖ በአፍ ኦክስጅን ይሰጣል፣ እንደገናም በአፍ ቱቦ ይገባል። ይህ ከመሥሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው የቱቦ ቅያሪ ከሚደረግበት ቀን (ከ7 እስከ 10ኛው ቀን ባለው) እና በአፍ ቱቦ ለማስገባት ያስቸግር እንደሆነ ከሚገልጽ ማስታወሻ ጋር በትልቁ ተጽፎ ከአልጋው ራስጌ ይለጠፋል፤ መለዋወጫ ቱቦ፣ አንድ በተመሳሳይ መጠን አንድ ደግሞ በአንድ ቁጥር ያነሰ፣ ከዚያው አጠገብ ይንጠለጠላል።